የአንድ ሆድ ልጆች

ቁጭ ብዬ መጠበቅ አይሆንልኝም። ጌዶ ልጅ ሳለሁ እናቴ «ይቺን ልጅ ጉንዳን ወሯታል» ትል ነበር። ከሸነን በላይ ጫካ ውስጥ ባሳለፍኩት አንድ ዓመት ግን ጉንዳኑ ከእግሬ ወጥቶ አንጀቴ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ እየበላሁ እነሳለሁ፣ ጋደም ብዬ እነሳለሁ፣ ቆሜ እንኳ ሌላ ቦታ መቆም ያምረኛል። ይህንንም የምጽፈው ከጠረጴዛው ወደ መስኮቱ እየተመላለስኩ ነው፤ አንባቢን ቢያዞረው ይቅር ይበለኝ።

በ1979 ዓ.ም. አምቦ ውስጥ ጤና ረዳት ነበርኩ። ኦሮምኛ የምትችል፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ ባልና ልጅ የሌላት ተብዬ ተመለመልኩ። ባል ያላገባሁት ወድጄ ይሁን ፈላጊ አጥቼ የጠየቀኝ የለም። የወሰዱኝ ግቢ በሩ ላይ «የድንች ዘር ብዜት ጣቢያ» የሚል ሰሌዳ ነበረው። ለይምሰል ሁለት መደብ ድንች ተተክሎ ነበር፤ እሱንም ጥበቃዎቹ ሳይደርስ እየቆፈሩ ቀቅለው በሉት። ከድንቹ ወዲያ፣ ዝግባው ከሚጀምርበት ላይ፣ ሦስት ረጃጅም የቆርቆሮ ቤቶች ነበሩ። እዚያ ውስጥ መንግሥት የማይደክም፣ የማይተኛ፣ ጥይት ቢመታው የማይወድቅ ወታደር ሊሠራ ይሞክር ነበር።

የሚስቅ ይሳቅ። እኔም መጀመሪያ ሲነግሩኝ ስቄ ነበር፤ የግቢው አዛዥ ሻለቃ አሻግሬ ግን አልሳቀም። መድኃኒቱን ከውጭ አገር ይዞ የመጣው ዶክተር ከበበውም አልሳቀም። ዶክተሩ ሰው ሲተዋወቅ ከፊቱ በፊት የክንዱን ደም ሥር የሚያይ ሰው ነው፤ እኔንም ስንጨባበጥ እንደዚያው አየኝ።

አሥራ ሁለት ምልምሎች መጡልን። «አይዟችሁ፣ ትንሽ ትኩሳት ብቻ ነው» እያልኩ በየተራ የወጋኋቸው እኔ ነኝ። በሦስት ቀን ውስጥ አሥራ አንዱ ሞቱ። ትኩሳቱ ቴርሞሜትሩ ከሚቆጥረው በላይ ወጣ፤ ግንባራቸው ላይ ያደረግነው እርጥብ ፎጣ እዚያው ደረቀ። አሥራ ሁለተኛው፣ ሌንጮ ተሬፋ የሚባል የእጃጂ ልጅ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋው ተነስቶ «ራበኝ» አለ። ሁለት ካርቶን ኮቾሮ፣ ያንን ጥርስ የሚሰብር የጦር ሠራዊት ብስኩት፣ ውሃ ሳይጠጣበት ጨረሰ። እኔ ጓሮ ሄጄ አስመለስኩ፤ ከዚያ አፌን ተጉመጥሙጬ ተመለስኩና ሙቀቱን ለካሁ። ሥራዬን አልተውኩም። ይህን ከማንም አልደብቅም።

ሌንጮ ከዚያ ወዲያ ሌላ ፍጥረት ሆነ። ክረምት ጭቃ የዋጠውን ኡራል መኪና፣ ጭነቱ ሳይወርድ፣ ከኋላው ገብቶ በትከሻው አንስቶ ደረቅ መሬት ላይ አስቀመጠው። ወታደሮቹ «ክሬኑ» አሉት። ዝናብ ሲዘንብበት ከሸሚዙ እንፋሎት ይነሳል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋበት፤ አጥሩን ተከትሎ ሲዞር ሣሩ አልቆ ቀይ መንገድ ወጣ። እኔ በጭንቀት እዞራለሁ፣ እሱ መተኛት አቅቶት ይዞራል፣ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። ለምን አጥሩን ረግጦ አልሄደም ለሚል ሰው፦ በየስድስት ቀኑ ማብረጃ ካልወጋሁት ያ ገዳይ ትኩሳት ይመለስበታል፤ የማብረጃው ሣጥን ቁልፍ ደግሞ ሻለቃው አንገት ላይ ነው።

ጆሮውም አለቅጥ ተከፍቷል። ሁለት ክፍል ማዶ ያለ ሰው የልብ ምት ይሰማዋል።

«ሲስተር» አለኝ አንድ ቀን አጥሩ ስር፣ «ያን ቀን አይዟችሁ ስትዪን ውሸትሽን ነበር አይደል? አሁን ቢሆን ከልብሽ ምት አውቅብሽ ነበር።»

በቁጣ አልነበረም ያለው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 1980 ላይ ከሰሜን ጦር ግንባር ክፉ ወሬ መጣ። ሻለቃው ሬዲዮኑን ሦስት ቀን ዘጋው። በአራተኛው ቀን ሰብስቦን ከበላይ ሁለተኛ ክሬን በአስቸኳይ እንደተጠየቀ ነገረን። ለዶክተሩ የቀረው ሦስት ሰው የሚወጋ መድኃኒት ብቻ ነበር። ሌንጮ ብቻውን ለምን እንደተረፈ ሲመራመር ከርሞ፣ ነገሩ ከደሙ ነው ወደሚል ሐሳብ ደርሷል። ከአንድ እናትና ከአንድ አባት የተወለደ ወንድም መድኃኒቱን ይሸከመዋል፤ ሌላ ሰው ያለ ጥርጥር ይሞታል። ሻለቃው ቅጽ ሰጠኝና «እጃጂ ሂጂ። ወንድም እንዳለው ተነግሮኛል። የእናት የአባት ልጆች መሆናቸውን አጣርተሽ ይዘሽው ነይ» አለኝ።

ሾፌራችን ቱፋ በሩሲያ ሠራሹ ጂፕ፣ በዋዙ፣ ወደ ጉደር ወርዶ በነቀምት መንገድ እጃጂ አደረሰኝ። የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ኦቦ አመዩ መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። አባት ተሬፋ ቦጂያ፣ በሕይወት የለም። እናት አረጋሽ። ልጆች ሌንጮና ዲንሳ። ከዚያ ቤታቸው ወሰደኝ። አዴ አረጋሽ፣ የሰውን እናት በአክብሮት እንዲህ ነው የምንጠራው፣ እጇ እስከ ክርኗ እበት ሆኖ ጎተራ እየለቀለቀች ነበር። በኦሮምኛ ሰላም ተባባልን፤ የመንገዱን ድካም ጠየቀችኝ፣ ቀጥላ የሌንጮን ደህንነት ጠየቀችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ደህና ነው፣ ያው እንደ ድሮው ነው አልኳት።

«ሁለቱም የእርስዎ ልጆች ናቸው?»

«ካን ኮቲ! የእኔ ናቸው እንጂ የማን ይሆናሉ?» አለች ከሥራዋ ቀና ሳትል። ኦቦ አመዩ ጫማውን ያይ ጀመር።

አንድ ጥያቄ ይቀረኝ ነበር፤ «ወልደዋቸው ነው?» የሚል። ያ ጥያቄ በእኛ አገር ከአፍ አይወጣም። በጉዲፈቻ የመጣ ልጅ ሽማግሌ ከመረቀው በኋላ ልጅ ነው፤ በአባቱ ስም ይጠራል፣ እኩል ይወርሳል፣ ከየት እንደመጣ የሚያነሳ ሰው በመንደሩ ይነወራል። እናትን «ወልደሽው ነው ወይ?» ማለት ፊቷ ላይ መትፋት ነው። ዶክተር ከበበው የሌላ አገር ሰው ስለሆነ እሱ ቢሆን ሳያፍር ይጠይቃት ነበር። እኔ የጌዶ ልጅ ነኝ፣ ጨዋ ነኝ፣ ዝም አልኩ። ቅጹ ላይ «የእናት የአባት» ከሚለው ፊት ምልክት አድርጌ ፈረምኩ።

ዲንሳ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አፉ የማይዘጋ፣ የሚያየውን ሁሉ የሚጠይቅ ልጅ። ወንድምህ ጋ ልንወስድህ ነው ስለው እናቱን ስሞ ሮጦ መኪና ውስጥ ገባ። እስከ ሸነን ድረስ ቱፋን ስለ ማርሹ፣ እኔን ስለ መርፌ ሲጠይቅ ሄደ። የግቢያችን በር ከመከፈቱ በፊት ሌንጮ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የወንድሙን ልብ ከቁልቁለቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯል። በአንድ እጁ ቀበቶውን ይዞ ብድግ አድርጎ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አስቀመጠው፤ ልጁ እዚያ ሆኖ በሳቅ ፈነዳ። በዚያ ግቢ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፣ ደስ አለኝ፣ በመደሰቴም አፈርኩ።

የዚያኑ ቀን ሌንጮ አጥሩ ስር ጠበቀኝ።

«ይተርፋል?»

«ወንድምህ ነው። አንተ ተርፈሃል፣ እሱም ይተርፋል።»

ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠኝ። «አምነሽበታል» አለና ትንፋሹን ለቀቀ። እኔም አምኜበት ነበር።

ዲንሳ የሚወጋው ሐሙስ ነው ተባለ። ማክሰኞ ጓንትና አልኮል ላመጣ ወደ አምቦ ስወጣ ዲንሳ መስኮቱን ይዞ «ሲስተር፣ እዚህ ብርዱ አይጣል ነው፣ ሹራቤን ረስቻለሁ፤ በእጃጂ በኩል ካለፋችሁ አምጪልኝ» አለኝ። በእጃጂ በኩል አናልፍም ነበር። ግን አንጀቴ ውስጥ ያለው ጉንዳን አላስቀምጥ አለኝና ቱፋን ለምኜ አዞርኩት።

አዴ አረጋሽ ሹራቡን አጥፋ አዘጋጅታ ሰጠችኝ። ከዚያ ደጃፏ ላይ ቆማ መንገዴን ዘጋችብኝ።

«ልጄ፣ ከአንድ ቤት አንድ ልጅ ነው የሚወሰደው ብለውን ነበር። ሁለተኛውን ለምን ፈለጋችሁት?»

መናገር ክልክል ነው። የሚያስከትልብኝንም አውቃለሁ። ነገር ግን እሷ ያጠፈችው ሹራብ እጄ ላይ ነበር፤ ዝም ማለት አቃተኝ። መድኃኒቱን፣ አሥራ አንዱን፣ የሌንጮን መትረፍ ሁሉንም ነገርኳት። «አይፍሩ፤ የአንድ ሆድ ልጆች ስለሆኑ የአንዱ ደም የቻለውን የሌላውም ይችላል» አልኳት።

አልጮኸችም። የበሩን መቃን ይዛ ቁልቁል ተቀመጠች።

«ሌንጮ ሲመጣ ጥርስ አውጥቶ ነበር» አለች።

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ግን ገባኝ። ከእናቱ ሆድ ጥርስ አውጥቶ የሚመጣ ልጅ የለም። ሌንጮ የጉዲፈቻ ልጇ ነው። ዲንሳ ከዚያ በኋላ የወለደችው ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ጠብታ ደም የለም፤ ልጇን ሐሙስ የምገድለው እኔ ነኝ፣ በገዛ ምልክቴ፣ በገዛ እጄ።

«ይምጡና ይህንኑ ለሻለቃው ይንገሩት» አልኳት። «እኔ ብናገር አያምነኝም፤ ፈርሜያለሁ። ከእናት አፍ መስማት አለበት።»

«እንዴት አድርጌ?» አለች። «ሽማግሌዎች ፊት ጡቴን አጥብቼ ነው የተቀበልኩት። ከዛሬ ጀምሮ ከሆዴ ወጥቷል ብዬ ምያለሁ። ተሬፋ ሲሞት እንኳ ይቺን ነገር አላነሳናትም። ልጁ ፊት ቆሜ አልወለድኩህም ልበለው? እዚያ እሳት ውስጥ ካስቀመጣችሁት በኋላ?»

«እና ዲንሳ ይሙት?» ብዬ ጮህኩባት። ዛሬ ድረስ የሚቆረቁረኝ ያ ጩኸት ነው። ተነስታ ገባች፤ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ትንሽ ጥቅል ይዛ ወጣችና ምንም ሳትናገር ዋዙ ውስጥ ገባች። ምን ልትል እንዳሰበች አልነገረችኝም። መንገዱን ሙሉ የነጠላዬን ጫፍ ተርትሬ ጨረስኩ፤ እሷ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም።

ሻለቃው ሲያያት ምድር ቀውጢ ሆነች። ሲቪል ወደ ግቢ ማስገባቴ ክህደት ነው፣ አሻጥር ነው እያለ ቢሮውን ዞረው። ያዳነን ዶክተር ከበበው ነው። «ቆይ ጓድ ሻለቃ፣ ሦስት ሰው የሚወጋ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ትናገር» አለ። ልጆቹን አስጠራ። ሌንጮና ዲንሳ ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ጎን ለጎን ቆሙ። ዲንሳ እናቱን ሲያይ «ሀርሜ! እናቴ!» ብሎ ሊሮጥ ሲል ወታደሩ ያዘው።

አዴ አረጋሽ አማርኛ እምብዛም ስለማትችል አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

«ሁለቱንም ወልደሻል ወይ በያት» አለኝ ዶክተሩ። እነሆ፣ እኔ ያፈርኩበትን ጥያቄ እንደ ሙቀት ልኬት በቀላሉ ጠየቀ። በኦሮምኛ ስደግመው አንገቴን ደፍቼ ነው።

ሁለቱን ልጆች አየቻቸው። ከዚያ ቀኝ እጇን አንስታ ወደ ሌንጮ ጠቆመች።

«ይሄን ወልጄዋለሁ። ሐምሌ ነበር፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር። ሁለት ቀን አማጥኩ። ተሬፋ አዋላጇን ሊያመጣ ሄዶ ወንዙ ሞልቶ ማዶ ቀረ፤ እትብቱን የቆረጥኩት ራሴ ነኝ።» እጇ ወደ ዲንሳ ዞረ። «ይሄ ሲመጣ ጥርስ አውጥቶ ነበር።»

ገለባብጣ ነው የተናገረችው። ለሌንጮ በሽማግሌ ፊት ምላለታለች፤ ለዲንሳ ግን ማንም አላስማላትም፣ የወለዱትን ልጅ ማን ይምልበታል? መሐላዋን ሳትነካ የሚሸጥ የቀራት የገዛ ልጇ ብቻ ነበር፤ ሊያድነው የሚችለውም ያው እሱን መካዷ ነበር።

«ምን አለች?» አለ ሻለቃው።

ተረጎምኩ። ቃል በቃል፣ ሐምሌውንም፣ ወንዙንም፣ ጥርሱንም። ዲንሳ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ስለሚችል ሁለት ጊዜ ሰማው። ያ የማይዘጋ አፍ ተከፍቶ ድምፅ ሳያወጣ ቀረ።

ሌንጮ ግን የእናቱን ፊት አላየም። ደረቷን ነበር የሚያየው። ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ፣ እኔን እንዳዳመጠኝ አዳመጣት። ልቧ የሚለውን ሰማ። «ወልጄዋለሁ» ስትል ውሸቷን እንደሆነ፣ ለምን እንደዋሸችም፣ በዚያች ደቂቃ አወቀ፤ ፊቱ ላይ አየሁት። ኡራል የሚያነሳው ሰው ጉልበቷ ስር ተደፋና ግንባሩን እግሯ ላይ አደረገ። እጇን ጭንቅላቱ ላይ ጫነች። ሙቀቱ ምን ያህል እንደሚያቃጥል እኔ አውቃለሁ፣ ጓንት ሳላደርግ ነክቼው አላውቅም። እሷ አላነሳችም። በኋላ መዳፏን ሳየው ቀልቶ ውሃ ቋጥሮ ነበር።

ዶክተሩ የመድኃኒቱ ብልቃጦች ያሉበትን ሣጥን ዘጋ። «እንደሚሞት ለሚታወቅ ሰው መድኃኒት አላባክንም» አለ። ልጁን ያዳነው ይህ ነው፤ ርኅራኄ አይደለም፣ ቁጠባ ነው። ሻለቃው ወደ እኔ ዞረ።

«ለምን የእናት የአባት ብለሽ ፈረምሽ?»

«አልጠየቅኳትም።»

«ለምን አልጠየቅሻትም?»

ምን ብዬ ላስረዳው? ነውር ስለሆነ ብለው ይገባዋል? ዲንሳን ገና በምልምልነት አልመዘገቡትም ነበርና ሻለቃው «ያየኸው ድንች ነው» ብሎ አስፈራርቶ ይዛችሁት ውጡ አለን። ለእኔ የሚደርሰኝ ቅጣት በኋላ እንደሚነገረኝ አስታወቀኝ፤ ኋላም ከዚያ ግቢ ተባርሬ ድንበር አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተላክሁ፤ እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ምሕረት ተቀበልኩት። ሌንጮን በወሩ ወደ ሰሜን ወሰዱት። ተመልሶ አልመጣም፤ ሞተ ያለ መርዶ ነጋሪም አልመጣም።

ስንመለስ የሚነዳው ቱፋ ነው። እኔ ከፊት፣ እናትና ልጅ ከኋላ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጥቁር እንጭኒ ከተማን አለፍን። ዲንሳ ሹራቡን ጭኑ ላይ አድርጎ አልለበሰውም፣ ብርዱ ግን ጥርስ ያንገጫግጭ ነበር።

«ማን ነው የወለደኝ?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ» አለች።

ሳቀ። ያ ሳቅ ጣሪያው ላይ ሆኖ የሳቀው ሳቅ አልነበረም። «ለእነሱ ሌላ፣ ለእኔ ሌላ። እሺ፣ ከየት አመጣችሁኝ? ከሩቅ ነው ከቅርብ?»

«እኔ ነኝ የወለድኩህ፣ ዲንሳ።»

«እና ሌንጮስ?»

አልመለሰችም። ከመለሰች ያን ያህል የከፈለችበት መሐላ ያልቃል። እኔ ወደ ኋላ ዞሬ አፌን ከፈትኩ፤ እውነቱን ልዘረግፈው፣ ልገላገለው። በዚያች በተቃጠለች መዳፏ ትከሻዬን ጨብጣ ያዘችኝ። ዓይኗ ለመነኝ። አፌን ዘጋሁ። በሕይወቴ ዝም ብዬ የተቀመጥኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እስከ እጃጂ ያለውን መንገድ ሁሉ ድንጋይ ሆኜ ሄድኩ።

እጃጂ መገንጠያው ላይ ቱፋ አቆመ። ዲንሳ ቀድሞ ወረደ። ጥሏት ይሄዳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልሄደም፣ ያሳደገችው አስተዳደግ አልፈቀደለትም። ጥቅሏን ተቀብሎ ትከሻው ላይ አደረገ፤ ከዚያ ለሰው እናት እንደሚደረገው ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ፣ በአክብሮት በሩን ያዘላት።

«ይውረዱ፣ አዴ አረጋሽ» አላት።

እስከዚያ ቀን ሀርሜ ነበር የሚላት።

«እሺ ልጄ» ብላ ወረደች።